ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች፦ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ስለ ወሊድ በተጻፉት ላይ የቀረበ ሂስ

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት በአማርኛ ተናጋሪው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። የሚነገረውም ያልኖረበትን ነገር ለኖረበት ሰው ለማስተማር የሚቃጣውን ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን ተረቱ ከዚህ ተግሣጽ በታች አንድ ሌላ ሐሳብ ይዟል፤ ይኸውም ስለ ምጥ የማወቅ ሥልጣን የእናት መሆኑን ማንም የማይከራከርበት ነገር አድርጎ መቀበሉ ነው። ለምሳሌ የሚመረጠው ሁሉም የተስማማበት ነገር ነውና፣ ተረቱን ያወጡት ሰዎች ከወለደች ሴት ይልቅ ስለ ወሊድ የሚያውቅ ሊኖር ይችላል ብለው አላሰቡም።

በ2003 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ይህ ተረት ቃል በቃል ተፈጸመ። አሥረኛ ክፍልን ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በላይ ጋይንትና በስማዳ መንደሮች ገና ያልወለደች ልጅ አምስትና ስድስት ልጅ የወለደችውን ሴት ስለ ምጥ ታስተምር ጀመር። ነገሩን ለሊቃውንት አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ በአንዳንድ ዋና ነገር ልጅቱ ትክክል መሆኗ፣ በሌላው ግን እናቲቱ ትክክል መሆኗ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ ሴት በወሊዷ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳላት የሚጠይቅ ሁሉ ከዚህ ችግር መሸሽ አይችልም። እስከ ዛሬ ስለ ጉዳዩ የተጻፉት ግን በሦስት መንገድ ሸሽተውታል። ይህ ሂስ ሦስቱንም መንገዶች በየተራ ይመረምራል።

ከሁሉ በፊት ቋንቋውን መመርመር ይጠቅማል። «ምጥ ያዛት» ሲባል ሴቲቱ ተሳቢ ናት፤ ያዡ ምጡ ነው። «አማጠች» ሲባል ግን ባለቤት ትሆናለች። «ወለደች» በሚለውም እንዲሁ ባለቤት ናት፤ «ተገላገለች» በሚለው ግን ድርጊቱ ከእርሷ ይውጣ ወይም በእርሷ ላይ ይድረስ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ወዲያውም ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባ ሴቲቱ እንደ ገና ተሳቢ ሆና ባለቤቷ እመቤታችን ትሆናለች። የረዳቻትም ሴት «አዋለደች» ትባላለች፤ ይህ ግስ «አፋለገ» እንደሚለው የሥራ ተካፋይነትን የሚያመለክት ነው እንጂ ሥራውን የራስ ማድረግን አያመለክትም። እንግዲህ በአንድ ሌሊት ነገር ውስጥ ባለቤትነት ከምጡ ወደ ሴቲቱ፣ ከሴቲቱ ወደ ማርያም ይዘዋወራል፤ አዋላጂቱም ተካፋይ ናት። «ማን ይወስናል?» ብሎ ጠይቆ አንድ መልስ ብቻ የሚጠብቅ ጥናት ይህን የባለቤትነት ዝውውር ሊይዘው አይችልም።

የመጀመሪያው መንገድ የባህል ጥናት መንገድ ነው። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎቹ የየአገራቸውን ወግ እየጻፉ በመጽሔቱ እንዲያወጡ አበረታታ። በዚያው ዘመን ሳይመን ሜሲንግ በጎንደር ተቀምጦ ስለ ደጋው አማራ ያዘጋጀውን የዶክትሬት ጽሑፍ በ1957 ለፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ስለ መንዝ፣ አለን ሆበን በ1973 ስለ ጎጃም ርስት መጻሕፍቶቻቸውን አወጡ። የእነዚህ ሥራዎች ዋጋ የታወቀ ነው። በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ወሊድ የሚገለጸው ግን ብዙውን ጊዜ በሥርዐቱ ነው፦ ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ጊዜ እልል መባሉ፣ የገንፎው ነገር፣ ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና መነሣታቸው፣ የክርስትና ስም። እነዚህን ዝርዝሮች በጥንቃቄ ለተመለከታቸው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሁሉም ከቤቱ ውጭ ለቆመ ሰው የሚሰሙ ወይም የሚታዩ ናቸው። እልልታ የሚቈጠረው በር ላይ ለሚጠባበቁት ወንዶች ነው። ባልየው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ወግ ከከለከለው፣ ወንዱ ተመራማሪም ከባልየው ጋር ውጭ ቆሞ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ መዝገቡ የያዘው ወሊድን ሳይሆን የወሊድን ማስታወቂያ ነው።

ጉዳቱ መረጃ መጕደሉ ብቻ አይደለም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ወሊድ ለባል ወራሽ፣ ለቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ ለመንደር ድግስ የሚሰጥ ነገር ሆኖ ይታያል፤ ሴቲቱም የዚህ ሁሉ መሸጋገሪያ መስላ ትቀራለች። ስለ አርባና ስለ ሰማንያ ቀን የሚጻፈውም እንደዚሁ ነው። ሥርዐቱ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተያዘ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በአርባ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት መግባታቸውን ምክንያት አድርጎ ያስረዳዋል። ጸሐፊዎች ይህን አውስተው ሴቲቱ ከመቅደስ መራቋን እንደ ክልከላ ብቻ ይቈጥሩታል። አራሷ በእነዚያ ቀናት ከወንዝ ውኃ ከመቅዳትና ከወፍጮ የምታርፍበት፣ ማንም የማይነቅፈው ፈቃድ የምታገኝበት ሕግ መሆኑን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ረዳት የሌላት ድኻ አራስ ይህን ፈቃድ ልትጠቀምበት አለመቻሏም ሌላ ጥያቄ ነው። ሄለን ፓንክኸርስት በ1992 ስለ መንዝ ገጠር ሴቶች ያወጣችው መጽሐፍ ደጃፉን አልፎ ወደ ሴቶቹ ኑሮ በመግባቱ ከቀደሙት ይለያል፤ ዋና ጉዳዩ ግን ሴቶቹ ከመንግሥትና ከመሬት ጋር ያላቸው ግንኙነት ስለ ነበረ የምጥ ሰዓት መካከለኛ ቦታ አልያዘም።

ሁለተኛው መንገድ የቍጥር መንገድ ነው። ጎንደር በዚህ ረገድ የቆየ ታሪክ አላት፤ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችንና የመንደር ነርሶችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ዛሬ ዋናው ምንጭ አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በዚህ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት በ2000 ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 48 ደረሱ። ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቍጥር በ100,000 ሕያው ልደት በ2000 871 የነበረው በ2016 412 ሆነ። ምንም እንኳ የኋለኛው ግምት ከ273 እስከ 551 ሊወዛወዝ የሚችል ቢሆን፣ መሻሻሉ ግን እውነት ነው። ይህን አቃልሎ ስለ ባህል ክብር ብቻ የሚጽፍ ሰው ከሟቾቹ ጋር መነጋገር ይቀረዋል።

ሆኖም ቍጥሩ የሚቈጥረው ቦታን ነው፤ አንባቢው ግን ቍጥሩን እንደ ሥልጣን ምስክር ይወስደዋል። በሐኪም ቤት የወለደች ሁሉ ፈቅዳና መርጣ የሄደች፣ በቤቷ የወለደች ሁሉ ምርጫ ያጣች ተደርጋ ትታያለች። በ2011ዱ ጥናት በጤና ተቋም ያልወለዱት ሴቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ከመቶ 61 የሚሆኑት «አስፈላጊ አይደለም»፣ 30 የሚሆኑት «የተለመደ አይደለም» ብለው መለሱ። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ተተርጕሟል። ነገር ግን «አስፈላጊ አይደለም» የፍርድ ቃል ነው እንጂ የድንቁርና ቃል ብቻ አይደለም። አራት ጊዜ በደኅና ወልዳ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን ዳገት፣ እዚያም የሚጠብቃትን አቀባበል አመዛዝና የተናገረች ሴት መልሷ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ መሆኑ ግን አይካድም። ፍርድን በትምህርት ብቻ መለወጥ አይቻልም፤ ፍርዱ የተመሠረተባቸውን ነገሮች መለወጥ ያስፈልጋል።

ስለ ውሳኔ የሚቀርበውም ጥያቄ ጠባብ ነው። ያገባች ሴት ስለ ጤናዋ የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ስትጠየቅ የሚቀርቡላት ዋና ዋና መልሶች «ራሴ»፣ «ባሌና እኔ»፣ «ባሌ» ናቸው። በደጋው ቤት ግን በምጥ ሌሊት ቃሏ የሚሰማው ብዙ ጊዜ እናቲቱ፣ አማቲቱ ወይም ልምድ ያላት ጎረቤት ናት፤ ባልየው ደግሞ ገንዘብ የሚያወጣ፣ ቃሬዛ የሚያዘጋጅ፣ ሰው የሚጠራ ነው። ጥያቄው የባልና የሚስትን ሚዛን ይለካል፤ የሴቶችን የእርስ በርስ ሥልጣን ግን አያየውም። ከጎንደርና ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡት የጤና ጥናቶችም ይህንኑ መጠይቅ መሠረት አድርገው ሲሠሩ ጕድለቱን አብረው ይወርሳሉ።

ሦስተኛው መንገድ የፌስቱላ ጽሑፍ ነው። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባን የፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ለደቡብ ጎንደር ቅርብ የሆነው የባሕር ዳር ማዕከል በ2005 ሥራ ጀመረ። ሥራው ታላቅ ነው። ለውጭ አንባቢ ስለ እርሱ የተጻፈው ግን ቀስ በቀስ አንድ መልክ ያዘ፦ በልጅነቷ የተዳረች፣ ለቀናት ያማጠች፣ ባሏ የጣላት፣ ከመንደር ተገልላ በጎጆ ብቻዋን የምትኖር፣ በቀዶ ጥገና ከሞት የተነሣች። አኒታ ሃኒግ በ2017 ባወጣችው መጽሐፏ ይህን ትረካ ተቃወመች፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹን ዘመዶቻቸው እንዳልተዉአቸው፣ የመዳናቸውም ነገር አንድ ቀን በቢላዋ የሚጠናቀቅ እንዳልሆነ አሳየች። ይህ ተገቢ እርማት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ፌስቱላ የሚጻፍ ሁሉ በተፈጥሮው የሚጀምረው ከምጡ ተርፋ ሆስፒታል ከደረሰችው ሴት ነው። የዘመድን ታማኝነት የሚመሰክሩት የተረፉት ናቸው፤ በቃሬዛ ላይ የሞተችው ግን ዘመዶቿ በሰዓቱ ተነሥተው እንደ ሆነ አትናገርም። በልጅነት መዳርም የውጭ ሰዎች ልብ ወለድ አይደለም፤ የ2011ዱ ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው መዳራቸውን አሳይቷል። ጋብቻዋ በፈቃዷ ያልሆነ ልጅ በወሊዷ ላይ ስላላት ሥልጣን መናገር ከመጨረሻው መጀመር ነው።

ከሦስቱ መንገዶች ወጥቶ ነገሩን በራሱ ቦታ መመልከት ያስፈልጋል። በደጋው የቆየው ወግ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት እንዲወለድ ያዛል። ሴቲቱ ወሯ ሲቃረብ ከባሏና ከአማቷ ቤት ተነሥታ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች። ይህ ወግ በጸሐፊዎች ዘንድ እንደ ልማድ ተመዝግቦ ያልፋል፤ በውስጡ ያለው የሥልጣን ድልድል ግን ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው። ሙሽራይቱ በባሏ ቤት የመጨረሻዋ ታዛዥ ናት፤ በእናቷ ቤት ግን የምጧ ባለቤት እናቷ ስትሆን፣ እናቷ የምትመልሰው ለልጇ ነው። የጤና ድርጅቶች ዛሬ የሚያስፋፉት የእናቶች ማቆያ፣ በ1976 በአጣጥ ሆስፒታል የተጀመረው፣ በአሠራሩ ከዚህ ወግ ጋር ይመሳሰላል፤ በሁለቱም ሴቲቱ ከምጡ በፊት ወደ ተሻለ ቦታ ትዛወራለች። ልዩነቱ በማቆያው እናቲቱ በሥርዐቱ ውስጥ ቦታ የሌላት መሆኗ ነው። ስለዚህ ማቆያው ባዶውን ቢያድር መንሥኤውን በሴቲቱ ግንዛቤ ላይ ብቻ ከመፈለግ በፊት፣ በቤት የቀሩትን ልጆች ማን እንደሚጠብቅና ከእርሷ ጋር ማን እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው የሥልጣን ስፍራ ምስጢር ነው። ከቡዳና ከክፉ ዓይን ለመጠበቅ፣ ምጡም እንዳይራዘም ተብሎ፣ ምጥ መጀመሩ ለሰው ሁሉ አይነገርም። በዚህ መንገድ ሴቲቱ ማን እንዲገባ ማን እንዳይገባ ትወስናለች። የሚገቡት ሴቶች ከኋላ ይደግፏታል፤ ወገቧን በቅቤ ያሹላታል፤ ተልባ ያጠጧታል፤ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ታምጣለች፤ «ማርያም ማርያም» የሚለው ጥሪ እስከ መጨረሻው አይቋረጥም። ምጡ ሲጠና ድርሳነ ሩፋኤል ይነበባል፤ መልአኩ ማኅፀንን ይፈታል ተብሎ ይታመናልና። ቶም ቦይልስተን በ2018 ስለ ዘጌ ባወጣው መጽሐፍ በጣና ዙሪያ ክርስቲያኖች ዘንድ ሰው ወደ እግዚአብሔር በአማላጅ እንደሚቀርብ አስፋፍቶ አሳይቷል። ወሊድም እንዲሁ ነው። እዚህ ሥልጣን ማለት ብቻን መወሰን አይደለም፤ አማላጅን መምረጥ ነው።

ነገር ግን ይኸው ሥርዐት የሚሸነፍበት ቦታ አለ፤ እርሱም በሰዓት ይታወቃል። ልጅ ሳይወጣ ምጥ ሲታገድ አደጋው በቀናት ይቈጠራል፤ ለመመካከር፣ ጠበል ለማጠጣት፣ ቃሬዛ ለማሰናዳት ጊዜ ይሰጣል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ የደም መፍሰስ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የደጋው ቤት ምክር ለዘገምተኛው አደጋ የተሠራ ነው፤ ለፈጣኑ አደጋ ግን አይደርስም። ምስጢሩም በዚህ ጊዜ ተገልብጦ ጠላት ይሆናል፤ ያልተነገረ ምጥ አምቡላንስ አይጠራምና። ታዴየስና ሜን በ1994 የእናቶችን ሞት በሦስት መዘግየቶች (በመወሰን፣ በመድረስ፣ ሕክምና በማግኘት) ሲከፍሉ የመጀመሪያውን መዘግየት በሌሎቹ ሁለት ላይ የተመሠረተ መሆኑን አስረድተው ነበር፤ መንገዱ የማያደርስ፣ ሐኪም ቤቱም የማያክም መሆኑን የሚያውቅ ሰው ለመነሣት ይዘገያል። ከወረታ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ዳር ያለች ሴትና፣ በክረምት ወንዝ ሞልቶባት በሸለቆ ማዶ ያለች የስማዳ ሴት አንድ ውሳኔ አይወስኑም። ልጅቱ ለእናቷ ምጥን በማስተማሯ ትክክል የሆነችው ስለ ሁለቱ ሰዓት ነው።

በጤና ጣቢያው ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። በደም መፍሰስ ላይ ኃይል ያለው መርፌ አለ፤ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ሆስፒታልም መላክ ይቻላል። ሴቲቱ ግን በብዙ ቦታ በማዋለጃ አልጋ ላይ በጀርባዋ እንድትተኛ ይነገራታል፤ የደገፏት ሴቶች ውጭ ይቀራሉ። በቤት ባልየው የቆመበትን የደጃፍ ቦታ አሁን እናቲቱ ትይዘዋለች። ብሪጊት ጆርዳን በ1978 በአራት አገሮች ያለውን ወሊድ አወዳድራ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አንድ ዕውቀት የሚሠለጥነው እውነት በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ሌላው ዕውቀት ስለማይቈጠር መሆኑን አመልክታለች። በዚህ ነጥብ ላይ እናቲቱ ትክክል እንደ ነበረች ሳይንሱ ራሱ ዘግይቶ መስክሮላታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ሴቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ የምታምጥበትንም አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ መክሯል።

የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2015 በተጀመረው የጤና ዕቅዱ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» አገልግሎትን ዐቢይ ጉዳይ አድርጎ ያዘ፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ገንፎና ቡና ገባ። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም የገባው ነገር የትኛው እንደ ሆነ ሊታይ ይገባል። ገንፎው የድኅረ ወሊድ ነው፤ ቡናውም የጎብኚ ነው። የቀድሞው የባህል ጥናት ሥርዐቱን ብቻ እንዳየ ሁሉ፣ አዲሱ አስተዳደርም ከባህሉ የወሰደው ከደጃፍ የሚታየውን ነው። ተንበርክካ ማማጥና የእናት እጅ እንደ ገንፎው በቀላሉ አልገቡም። በሌላ በኩል «ከቤት ወሊድ ነፃ ቀበሌ» የሚለው ዘመቻ የሴቲቱን መሄድ የቀበሌው ክብር አደረገው፤ ለቀበሌ ስም የምትሄድ ሴት ከአማቷ ትእዛዝ ወደ ሹም ትእዛዝ ተዛወረች እንጂ ሥልጣን አላገኘችም።

የቀዶ ጥገናም ቍጥር ይህን ነገር ያስረዳል። በ2016 በኢትዮጵያ በቀዶ ጥገና የተወለዱት ከመቶ 2 ብቻ ሲሆኑ በአዲስ አበባ 21 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከ10 እስከ 15 ያለውን እንደ ልክ አድርጎ ነበር። የጋይንት ሴት ሥልጣን ያጣችው የሚያስፈልጋትን ቢላዋ ባለማግኘቷ ነው፤ ለከተማይቱ ሴት ግን እያንዳንዱ ቢላዋ አስፈልጎ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። ሁለቱን በአንድ «የሴት መብት» ስም ጠቅልሎ መጻፍ ሁለቱንም አለማየት ነው።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ ውይይት መንገዱ ክፍት ነው ብሎ የሚገምት ነው። በ2021 ጦርነቱ እስከ ጋይንትና እስከ ደብረ ታቦር አካባቢ ደርሶ የጤና ተቋማት ተጐዱ፤ በ2023 በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ የአምቡላንስን መንቀሳቀስ አስቸጋሪ አደረገ። በዚህ ጊዜ አዋላጅነትን እንዲተዉና ሴቶችን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሸኙ ብቻ የተነገራቸው የልምድ አዋላጆች ዕውቀት ለመንደሩ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ይላል። አንድን ዕውቀት ሽሮ የሌላውን መንገድ መዝጋት ሴቲቱን ከሁለቱም ያራቁታል።

ከእንግዲህ ስለ ደቡብ ጎንደር ወሊድ የሚጻፍ ጽሑፍ ከቦታው ይልቅ ሰዓቱን፣ ከሥርዐቱ ይልቅ አኳኋኑን ቢመዘግብ ይበጃል። ምጥ እንደያዛት ለማን ቀድማ ተናገረች? ማን እንዲገባ ፈቀደች? በምን አኳኋን አማጠች? ጣቢያ ስትደርስ ማን አብሯት ገባ? ደም ሲፈስሳት ማን አየ፣ ከዚያስ በኋላ ስንት ሰዓት አለፈ? እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ቤቱ ገብተው ሊጠይቁ የሚችሉት በደብረ ታቦርና በጎንደር የሚማሩት የአገሩ ልጆች፣ ከሁሉም በፊት ሴቶቹ ተማሪዎች ናቸው። ያን ጊዜ ልጅ ለእናቷ ምጥን ልታስተምር ትችላለች፤ አስቀድማ ግን ከእናቷ የምትማረው ብዙ አለ።